ማታ ወተት ብቻ ጠጥቶ መተኛት ያከሳል? እናቴ ያወፍርሻል ትላለች

የሰሚቷ፦

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ እራት ትታ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻ እየጠጣች እንደከሳች ታወራለች። የድሮ ሱሪዋን ወገቡ ላይ እየሳበች ታሳያለች። ከሥር ያለው ኮሜንት ሁሉ «ከዛሬ ጀምሮ ጀመርኩ» ነው። እኔም ልጀምር ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «አራስ በምን የምትፋፋ መሰለሽ?» አለችኝ። እሷ ቤት ወተት የሚታዘዘው ለከሳ ሰው ነው። ከሕመም ለተነሳ፣ ለአራስ፣ ለሚያድግ ልጅ። ለመክሳት ብሎ ወተት የሚጠጣ ሰው ሰምታም አታውቅ።

መልስ ለመስጠት እንዲመቻችሁ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። ዕድሜዬ 34 ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ኪሎዬ 78። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ሁዳዴ ላይ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ፋሲካ ገባና በዓለ ሃምሳው ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፤ በሄድኩበት ሁሉ ዶሮ፣ በሄድኩበት ሁሉ ክትፎ። አሁን የሥራ ቀሚሴ ዚፑ ወገቤ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል።

ውሎዬ ይሄ ነው። ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ ማኪያቶ በሁለት ማንኪያ ስኳር። አራት ሰዓት ላይ ሌላ ማኪያቶ። ምሳ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር የተገኘውን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ማኪያቶ፤ ቢሯችን ልደት የማይጠፋበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከኬክ ጋር። ማታ ቤት ስገባ ርቦኝ ነው የምገባው። እንጀራ በወጥ እበላለሁ፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ለውዝ ስቆረጥም አመሻለሁ።

እና ወተት ያከሳል ወይስ ያወፍራል? ሰፈራችን በጀሪካን የሚያመጣልን ሰው አለ፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የታሸገው አለ፤ የቱን ልውሰድ? ሌላው፣ ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል። እርጎ ግን ምንም አይለኝም። እርጎውስ ያው ነው?

ጡንቻው፦

እህት፣ ወተቱን ተዪውና ዌይ ፕሮቲን ግዢ። ጂም ውስጥ ሁላችንም የምንወስደው እሱን ነው። ወተት ስብ አለው፣ ስኳር አለው፣ ሆድ ይነፋል። ዱቄቱ ንጹሕ ፕሮቲን ነው። በውሃ ትበጠብጪዋለሽ፣ አለቀ።

የወተት ቤቷ፦

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኮተቤ አካባቢ ትንሽ ወተት ቤት አለችኝ። ትኩስ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ እንሸጣለን። ከጓሮ ሁለት የፈረንጅ ላም አለን፣ የሚጎድለውን ሱሉልታ ካሉ ገበሬዎች እንረከባለን። ሰው ወተትን ከምን ጋር እንደሚጠጣ ግን ከብዙ ሐኪም የበለጠ አይቻለሁና አንድ ሁለት ነገር ልበል።

የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ እናትሽ። አራስ በወተት ብቻ ነው እንዴ የምትፋፋው? ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ የሚፈስበት ቅቤስ? አጥሚቱስ? ዶሮ ወጡስ? ከአልጋ አለመውረዱስ? ወተቱ ስሙ ወጣ እንጂ ሥራውን የሠሩት ብዙ ናቸው። ግን እናትሽ ዝም ብለው አልተናገሩም። በምግብ ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጠጣ ወተት ያፋፋል። የከሳ ልጅ በልቶ ሲያበቃ አንድ ብርጭቆ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የቲክቶኳ ልጅ ደግሞ የከሳችው ወተት ስለጠጣች አይደለም። እራት ስለተወች ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን፣ ወጡን ሳትቆጥሪ፣ ከሁለት ብርጭቆ ወተት ይበልጣል። እሱን ትታ ወተት ብትጠጣ ትቀንሳለች፤ ሻይ ብትጠጣም ትቀንስ ነበር። ልዩነቱ በሻይ ብትተኛ ሌሊት ረሃብ ይቀሰቅሳታል። ወተት ያዝ ያደርጋል። እኔ ለወተት የምሰጠው ምስጋና ይቺው ናት።

አሁን እኔ ቤት የሚሆነውን ልንገርሽ። ሁልጊዜ ጠዋት የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለኝ፤ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ጨዋ ሰው። «ሐኪም ስኳር ቀንስ ብሎኛል» ይልና ወተቱን ያለ ስኳር ያዛል። ጎበዝ እላለሁ በሆዴ። ከዚያ ሁለት ቦምቦሊኖ ያስከትላል። አንዱን ወተቱ ውስጥ እየነከረ፣ ሌላውን ደግሞ «እንዳይቀር» ብሎ። በዘይት የተጠበሰ፣ ላዩ ላይ ስኳር የተነሰነሰበት! ይሄ ሰው ወተት ያወፍራል ቢልሽ ታምኚዋለሽ? ወተት ቤት የሚገባ ሰው ወተት ብቻ ጠጥቶ አይወጣም። ዳቦ አለ፣ ኬክ አለ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለ። ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ትቼ ሲጠየቅ ብቻ ማምጣት ከጀመርኩ ወዲህ ግማሹ ሰው መጠየቁንም ተወው።

የላሚቷም ነገር አለ። የሀበሻ ላም የምትሰጠው ትንሽ ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ከመቶ አምስት፣ ስድስት እጅ ስብ ሊኖረው ይችላል። የፈረንጅ ላም ባልዲ ትሞላለች፣ ስቡ ግን ሦስት ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ ገጠር ዘመድ ጋ ሄደሽ የጠጣሽው አንድ ብርጭቆና ሱቅ የገዛሽው አንድ ብርጭቆ እኩል አይደሉም። አንዳንድ ነጋዴ ደግሞ ውሃ ጨምሮ «ላይት» ያደርግልሻል፤ እሱን አልመክርም። እኛ ስንረከብ በላክቶሜትር እየለካን ነው፤ ውሃ የገባበት ከሆነ ወዲያው ያሳብቃል።

የጀሪካኑን ወተት ከወሰድሽ እንዲህ አድርጊ። በደንብ አፍዪው። ከገነፈለ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ ትንሽ ይንተክተክ። አቀዝቅዘሽ ሳታንቀሳቅሺው ፍሪጅ አስገቢው። ጠዋት ስትከፍቺ ላዩ ቢጫ ብጤ ሆኖ ረግቶ ታገኚዋለሽ። ስልባቦቱ ነው። በማንኪያ ከዳር ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ስትገፊው እየተጨማደደ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ወተት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀጭን ነጭ ይሆናል። እሱን ጠጪ። ስልባቦቱን ልጅ ካለሽ ዳቦ ላይ ቀቢለት። ይሄ በካርቶን የሚመጣው ቶሎ የማይበላሽ ወተት ግን እንዲህ አይሆንልሽም፤ ስቡን በማሽን አድቅቀው ስለሚያዋህዱት ስልባቦት አያወጣም።

ለእንዳንቺ ዓይነቷ ግን የምመርጠው አሬራ ነው። እርጎ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የሚቀረው አሬራ ነው። ፈረንጅ ስቡን በማሽን አውጥቶ በውድ የሚሸጠውን እናቶቻችን በቅል ሲንጡ ኖረዋል። ጎምዛዛ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጥማት ይቆርጣል፣ ሆድ አይነፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰው አሬራ የድሃ መጠጥ ይመስለዋል። ሙሉ እርጎ በስኳር ያዝዛል።

ጡንቻው ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ ስማኝ። ያ በስንት ሺህ ብር የምትገዛው ዱቄት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ። እኔ ላሞቼን አጠጣዋለሁ። ከፈለግህ ጠርሙስ ይዘህ ና፣ በነጻ እሰጥሃለሁ።

ጡንቻው፦

ሃሃሃ እትዬ ገደሉኝ። እውነት ነው ግን? አጓት ነው የምጠጣው?

ከጤና ጣቢያ፦

እውነታቸውን ነው ወንድሜ፣ ምንጩ አጓት ነው። ግን ጠርሙስ ይዘህ አትሂድ። የአጓት ፕሮቲን ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ፋብሪካው ውሃውን፣ የወተቱን ስኳርና ስቡን አስወግዶ ፕሮቲኑን ስለሚያጠራቅመው ነው ዱቄቱ የሚረባው። ከእትዬ ቤት ፕሮቲን ከፈለግህ አይቡን ግዛ። 100 ግራም የአሬራ አይብ ውስጥ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፣ ስቡ ደግሞ 2 ግራም ቢሆን ነው። ላዩ ላይ ቅቤ ካላፈሰሱበት ማለቴ ነው።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ነርስ ነኝ፤ በኋላ ሥነ ምግብ ተምሬያለሁ። «ወተት ያከሳል» የሚለው ወሬ ከቲክቶክ በፊትም ነበር፤ ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል።

በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ማይክል ዚሜል የሚባሉ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካልሲየም ስብ ለማቃጠል ይረዳል የሚል ሐሳብ አመጡ። በ2004 ባወጡት ጥናት 32 ወፍራም ሰዎች ለ24 ሳምንት ምግባቸውን ቀንሰው ቆዩ። ወተትና የወተት ተዋጽኦ በብዛት የወሰዱት ከሌሎቹ የበለጠ ቀነሱ። የወተት ኢንዱስትሪው ሲጠብቅ የኖረው ወሬ ነበር። ምርምሩንም በገንዘብ ይደግፍ ነበር። «በቀን ሦስቴ ወተት፣ ክብደት ቀንሱ» የሚል ማስታወቂያ አገሩን ሞላው። ችግሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ሲሞክሩት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። አቤቱታ ቀረበ፤ በ2007 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን ከያዘው በኋላ ኢንዱስትሪው ማስታወቂያውን ለማቆም ተስማማ። ማስታወቂያው ቆመ፣ ወሬው ግን ይኸው ሰሚት ደርሷል።

በ2012 ደግሞ 29 ሙከራዎች፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች ያሉባቸው፣ አንድ ላይ ተደምረው ታዩ። ምግባቸውን ሳይቀንሱ ወተት የጨመሩት ሰዎች አልከሱም። ምግባቸውን እየቀነሱ ወተት ያካተቱት ትንሽ ተሻሉ። ትንሽ ስል ልዩነቱ አንድ ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ እትዬ በአንድ ብርጭቆ የገለጹትን ሳይንሱ በ29 ሙከራ ደረሰበት።

ቁጥር ከወደድሽ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽና፦ 250 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተት 150 ካሎሪ ገደማ ነው። ስቡ የወጣለት 90 ቢሆን ነው፣ አሬራ ደግሞ 100 አካባቢ። በሁሉም ውስጥ 8 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለ። ስቡ ሲወጣ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም አብሮ አይወጣም። ሰው ወተቱን ሲያቀጥነው ጥቅሙም የሚሄድ ስለሚመስለው ነው ይሄን ማንሳቴ። ክብደት በምትቀንሺበት ጊዜ ፕሮቲን ካነሰሽ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል። ወተት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው።

ውሎሽን ሳነብ ግን ዓይኔ ያረፈው ወተቱ ላይ አይደለም። ሦስት ማኪያቶ፣ እያንዳንዱ በሁለት ስኳር፤ ስኳሩ ብቻውን 100 ካሎሪ ይጠጋል። አንድ ደህና የልደት ኬክ ቁራጭ ከሁለት ብርጭቆ ሙሉ ወተት ጋር ቢመዘን አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ለውዝ ደግሞ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን 100 ግራሙ 570 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ ድራማ እያየሽ 100 ግራም ቆርጥመሽ ስትነሺ እንደበላሽም አይታወቅሽም። ማታ በረሃብ የምትገቢው ከምሳ በኋላ ስኳር እንጂ የሚይዝ ነገር ስላልበላሽ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኬኩን ትተሽ አንድ ብርጭቆ እርጎ ያለ ስኳር ብትወስጂ እራትሽ በራሱ ያንሳል። እኔ ብሆን ወተቱን ወደ እራት ሳይሆን ወደዚህ ሰዓት ነበር የማመጣው።

እራት ሙሉ በሙሉ ትቶ በወተት መተኛቱን አልደግፈውም። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሰርግ ወይ ተዝካር ይመጣል። ግማሽ እንጀራ፣ ምስር ወይ ጎመን፣ ከፈለግሽ አይብ በጎን። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሽ ጥሩ ነው። ቢኤምአይሽ፣ ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋር ሲመዘን የሚወጣው ቁጥር ማለት ነው፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባልበት 30 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ 4 ኪሎ ብትቀንሺ እንኳን ለደም ግፊትሽም ለስኳርሽም ለውጥ አለው።

የሆድ መንፋቱ ላክቶስ ነው፤ የወተት ስኳር ማለት ነው። ከልጅነት በኋላ እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም ብዙዎቻችን ላይ ይቀንሳል። ከብት በማርባት የኖሩ ሕዝቦች ላይ ይቆያል፣ ሌላው ላይ ይደክማል። በሽታ አይደለም። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ የተወሰነውን ላክቶስ ይበሉታል፣ ለዚያ ነው የተስማማሽ። በእርጎና በአሬራ ቀጥዪ።

ሁለት ማሳሰቢያ። የጀሪካን ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። «ትኩሱን ከላሚቷ ሥር» የሚለው ነገር ይቅርብን። ሌላው፣ እዚህ ለሚያነቡ ሁሉ፦ የእንቅርት መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱ ከወተት ጋር እንዳትውጡት። ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል። 4 ሰዓት ያህል አራርቁት።

የሻርጃዋ፦

እኔ ከሻርጃ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ያለነው የምንወፍረው በካራክ ነው፣ ማንም እንዳይሸውዳችሁ። ሻዩ ተፈልቶ ተፈልቶ የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል፣ ከዚያ ስኳር በእጅ ሙሉ፣ ሄል ጣል ይደረግበታል። ብርጭቆዋ ትንሽ ናት፣ ስለዚህ አትቆጠርም። ማዳሜ ትጠጣለች፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለእንግዳው ሲፈላ እኔም እቀዳለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ ከሌላዋ ልጅ ጋር ኩሽና ቁጭ ብለን። ኬንያዊት ናት፣ እሷ ጭራሽ ያለ ወተት ሻይ አይገባትም።

የቆርቆሮው ወተት ሁለት ዓይነት ነው፣ ተጠንቀቁ። አንደኛው ውሃው ተንኖ የወፈረ ወተት ነው። ሌላኛው እንደ ማር የሚንጠባጠበው ነው፤ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ነው። በሁለተኛው ላይ እንደገና ስኳር የሚጨምር ሰው አይቻለሁ!

እኔን የጠቀመኝ ለበን ነው። እዚህ በየሱቁ በትልቅ ጠርሙስ አለ፣ ስቡ የቀነሰውም አለ። እትዬ የሚሉት አሬራ ዘመድ ነው፤ የመጀመሪያ ቀን ስቀምሰው አያቴ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ከሰዓት በኋላ ካራኩን ትቼ አንድ ብርጭቆ ለበን በትንሽ ጨው። ሌላ ምንም አልቀየርኩም፣ ምግብ የምመርጥበት ሁኔታም የለኝም፤ የሚበሉትን ነው የምበላው። ዩኒፎርሜ ግን ሰፍቶኛል። ለእህቴ ፎቶ ብልክላት «አሞሻል እንዴ?» ብላ አለቀሰች። አገር ቤት መክሳት ማንንም አያስደስትም።

የሰሚቷ፦

ኧረ አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅሁም። የሻርጃዋ እህቴ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝ።

ሲስተር፣ የማኪያቶውን ስኳር ስትደምሪልኝ ደነገጥኩ። በስኳር ነው እንጂ ማኪያቶ ራሱ ችግር የለውም ማለት ነው? ሌላ ጥያቄ አለኝ። አሁን የሰኔ ጾም ሊገባ ነው። ጾም ላይ ወተቱም እርጎውም ይቀራል፣ ያኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ልውሰድ? ካፌዎቹ የጾም ማኪያቶ በአኩሪ አተር ወተት ይሠራሉ።

ከጤና ጣቢያ፦

የማኪያቶው ወተት ትንሽ ነው፤ ያለ ስኳር ከሆነ አያሳስብም። ሁለቱን ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ አውርጂው፤ ምላስሽ ይለምዳል። የአኩሪ አተር ወተት ስኳር ያልገባበት ከሆነ በፕሮቲን ከላም ወተት ብዙም አያንስም። የአልሞንድና የአጃ የሚባሉት ግን ፕሮቲናቸው ትንሽ ነው፤ ሆድ አይዙም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀቀለ ሽምብራ ወይም ባቄላ አንድ እፍኝ ይዘሽ ግቢ። ከየትኛውም የጾም ማኪያቶ ይሻላል።

የወተት ቤቷ፦

ጾም ሲገባ የኔ ቤት ጭር ይላል። ላሟ ግን ጾም አታውቅ፤ ትታለባለች። ስለዚህ በጾም ቅቤ አወጣለሁ፣ ወተት ለሚጠጡት ደንበኞቼም ዋጋ እቀንሳለሁ። ለጿሚው ደግሞ ለውዝ ሻይ አፈላለሁ። እሱን እየሸጥኩ ይሄን መናገር አልነበረብኝም፣ ግን ልንገርሽ። አንድ ብርጭቆ ለውዝ ሻይ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ማንኪያ የተፈጨ ለውዝ አለ፣ ስኳር አለ። ከወተቱ ይበልጣል። ጾም ስለሆነ ቀላል ነው ብለሽ ሁለት እንዳትጠጪ። ሁዳዴን ጾሞ ወፍሮ የወጣ ሰው እኔ ቤት ብዙ ነው፤ ከለውዝ ሻዩ ጋር ፓስቲ የሚበላ ነው።

የሰሚቷ፦

እትዬ፣ ይሄ አሬራ ግን ሰሚት ውስጥ አላገኘሁም። ሱቁ ሁሉ «እርጎ ነው ያለን» ይለኛል። አንዱማ ምን እንደሆነም አላወቀው። ኮተቤ ድረስ እንዳልመላለስ ቤት ውስጥ ማውጣት እችላለሁ? ቅል የለኝም። ሃይላንድ ውስጥ አድርጌ ብንጠውስ?

የወተት ቤቷ፦

ትችያለሽ። ሃይላንድ ግን አይሁን። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርግና ቅቤው በጠባቡ አፍ አልወጣ ይለዋል፤ መጨረሻ ላይ ሃይላንዱን በቢላ ይቀዳል፣ ግማሹ ወለል ላይ ይፈሳል። አፉ ሰፊ የሆነ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚል የማር ዕቃ ፈልጊ።

ሁለት ሊትር ወተት አፍዪ። ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ጥሩ እርጎ ጨምረሽበት ክደኚውና ይደር። ለዚህኛው ስልባቦቱን እንዳታነሺው፤ ቅቤው የሚወጣው ከሱ ነው። ሲረጋ ዕቃው ውስጥ ግማሽ ድረስ ብቻ ጨምሪ፤ ሞልተሽው ከሆነ አይናጥም፣ መንቀሳቀሻ ቦታ ይፈልጋል። ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ወዲያ ወዲህ። ድራማሽን እያየሽ ናጪው፤ እጅሽ ሥራ ከያዘ ለውዙም ይቀርልሻል። መጀመሪያ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዷ ዷ ይላል። ከዚያ በአንዴ ይቀጥንና እንደ ውሃ መንቦጫረቅ ይጀምራል። ያኔ ቅቤው ተለይቷል። እንቢ ካለሽ እርጎው ቀዝቅዞ ነው፤ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዪውና ደግመሽ ሞክሪ።

ቅቤውን በእጅሽ ሰብስበሽ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፤ ለእናትሽ ስጫቸው። አሬራውን ፍሪጅ አስገቢው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ በጣም ይጎመዝዛል፤ ያኔ አትጠጪው፣ ድስት ላይ በዝግታ አሙቂውና አይብ አውጪበት። እንዳይፈላብሽ ብቻ፣ ከፈላ አይቡ እንደ ላስቲክ ይደርቃል።